በአጭር ዜና የእንግሊዝኛ ግራመር መለማመድ፦ የሃይስኩል ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከ9 እስከ 12 ያላችሁ ልጆች የምትልኩልኝ ጥያቄ አብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሰው ብዬ ነው። ወላጆችና አስተማሪዎችም የጠየቃችሁትን ጨምሬዋለሁ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል መልሳችሁ ጻፏቸው፣ ስፔሊንጉንም በዛው ትለማመዳላችሁ።

የግራመር መጽሐፍ እያለ ዜና ለምን?

መጽሐፉን አትጣሉት፣ ሩሉን የምታዩት እዛ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ተማሪ ሩሉን በቃሉ ያውቀዋል፣ «ሰብጀክት ሲደመር ሃቭ ወይ ሃዝ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» ብሎ ሳይሳሳት ይነግራችኋል፣ ከዛ ስለ ትናንቱ ጨዋታ አምስት መስመር ጻፍ ሲባል የቱን ቴንስ እንደሚጠቀም ይጠፋዋል። ለምን ካላችሁ ወርክሺቱ ሁሌም ምርጫውን ቀድሞ ስለሚመርጥለት ነው፣ ከላይ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚል ርዕስ አለ፣ ቬርቡ በቅንፍ ተቀምጧል፣ የሱ ስራ ቅርጹን መቀየር ብቻ ነው። ዜና ላይ እንደዛ ብሎ የሚነግራችሁ የለም። ጋዜጠኛው አንዱን ቴንስ መርጦ ጽፏል፣ የናንተ ስራ ለምን እንደመረጠው መጠየቅ ነው። እኔ በጣም የማምንበት ነገር ይሄ ነው፣ ግራመር የሚገባው ምርጫ መሆኑ የገባን ቀን ነው።

ሌላው ጥቅሙ ዜና ቅርጹ አይቀየርም። ዛሬ ስለ እግር ኳስ ነገ ስለ ጎርፍ ይሁን፣ ምን ሆነ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ምን አለ የሚለው ሁሌም አለ፣ ስለዚህ ያው አራት አምስት የግራመር ነጥብ በየቀኑ ተመላልሶ ይመጣል። ደግሞ ብዙ ጊዜ ወሬውን አስቀድማችሁ በአማርኛ ሰምታችሁታል፣ ትርጉሙ ስለማያስቸግራችሁ ሃሳባችሁን ሁሉ አረፍተ ነገሩ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ።

የቱን ዜና ላንብብ? ከየት ላምጣ?

ለጀማሪ ስፖርት። ሯጭ አሸነፈ፣ ቡድን ተሸነፈ፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ከስፖርት ቀጥሎ አደጋ፣ አየር ንብረት፣ ሳይንስ ነክ ግኝት። ኤዲቶሪያልና ኦፒኒየን ለጊዜው ተዉት፣ አረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ሃሳቡም ይጠላለፋል።

ለተማሪ ተብለው ከሚጻፉት የቪኦኤ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ጽሑፎች አሁንም አሪፍ ናቸው። ይሄ ነገር «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ተብሎ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1959 ሲሆን 1500 አካባቢ ቃላት ላይ ተመስርቶ፣ አጭር አረፍተ ነገር፣ በአንድ አረፍተ ነገር አንድ ሃሳብ እያለ ነው የሚሄደው። ቪኦኤ በፈረንጆቹ 2025 ማርች ላይ ስራው ስለተቋረጠ በብዛት የምታገኙት የድሮውን ነው፣ ለግራመር ግን ዜናው አሮጌ መሆኑ ምንም ለውጥ የለውም። ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽም አለ። ኒውስ ኢን ሌቭልስ የሚባለው ደግሞ አንዱን ዜና በሶስት ደረጃ ስለሚጽፈው ሌቭል አንድን አንብባችሁ ሌቭል ሁለት ላይ ምን እንደተጨመረ ማየት ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው።

ከሀገር ውስጥ ከ1943 በፈረንጅ ጀምሮ የሚታተመው ኢትዮጵያን ሄራልድ አለ፣ ኃላፊዎች ገለጹ፣ አስታወቁ የሚሉ ዜናዎች ስለሚበዙበት ለሪፖርትድ ስፒች (ኢንዳይሬክት ስፒች የምትሉት) እንደሱ የሚመች የለም። የእንግሊዝኛው ሪፖርተር እና ፎርቹን ከበድ ይላሉ፣ በተለይ ፎርቹን የኢኮኖሚ ቃሉ ብዙ ስለሆነ 11ና 12 ስትደርሱ ብትሞክሩት ይሻላል።

ርዝመቱ ከ150 እስከ 250 ቃል ይበቃል። ረጅም ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አራት ፓራግራፎች ብቻ ውሰዱ፣ ዜና ዋናውን ነገር ፊት ላይ ስለሚያስቀምጥ ጫፉን ብትቆርጡት ወሬው አይጎድልም። አንድ ፓራግራፍ ውስጥ አስር የማታውቁት ቃል ካለ ግን ደረጃችሁ አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ።

እሺ ቁጭ ብዬ ምንድነው የማደርገው?

በምሳሌ ላሳያችሁ። ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈበትን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ በነሱ ኦገስት 10፣ 2024፣ ቅዳሜ ነበር። ለልምምድ እንዲሆን አሳጥሬ እንዲህ ጻፍኩት።

ርዕሱ፦ «ቶላ ዊንስ ኦሎምፒክ ማራቶን»

አንደኛ፦ «ታምራት ቶላ ኦፍ ኢትዮጵያ ሃዝ ዎን ዘ ሜንስ ማራቶን አት ዘ ፓሪስ ኦሎምፒክስ።»

ሁለተኛ፦ «ሂ ፊኒሽድ ዘ ሬስ ኦን ሳተርደይ ኢን አን ኦሎምፒክ ሬከርድ ኦፍ 2:06:26።»

ሶስተኛ፦ «ቶላ፣ ሁ ሃድ ቢን ኔምድ አዝ ኤ ሪዘርቭ፣ ዋዝ ኮልድ አፕ ዌን ሲሳይ ለማ ዊዝድሩ ዊዝ አን ኢንጀሪ።»

መጀመሪያ ያለ ዲክሽነሪ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምን እንደተባለ በአማርኛ ለራሳችሁ ንገሩ። ከዛ እርሳስ ይዛችሁ ቬርቦቹን ብቻ አስምሩባቸው፣ ሌላ ነገር አትንኩ። አሁን ከየቬርቡ አጠገብ «ለምን?» ብላችሁ ጻፉና መልሱ።

«ሃዝ ዎን» ለምን? መቼ እንዳሸነፈ አረፍተ ነገሩ አይናገርም፣ ማሸነፉ ራሱ ነው ዜናው። «ፊኒሽድ» ለምን? «ኦን ሳተርደይ» የሚል የታወቀ ቀን ገባ፣ ቀን ከገባ ደግሞ ፓስት ሲምፕል ነው። «ሃድ ቢን ኔምድ» ለምን? ተጠባባቂ ተብሎ የተያዘው ሲሳይ ከመውጣቱና እሱ ከመጠራቱ በፊት ነው፣ ካለፈው በፊት ያለፈ፣ ስለዚህ ፓስት ፐርፌክት። እዛው ውስጥ ፓሲቭም አለ፣ ማን ተጠባባቂ እንዳደረገው ጋዜጠኛው መናገር አላስፈለገውም። «ዋዝ ኮልድ አፕ»ም እንደዛው ፓሲቭ ነው። «ዊዝድሩ» ደግሞ ተራ ፓስት ሲምፕል፣ የወጣው ራሱ ሲሳይ ስለሆነ። አያችሁ፣ በሶስት አረፍተ ነገር ውስጥ የመማሪያ መጽሐፉ በሶስት ዩኒት የሚያስተምራችሁ ነገር አንድ ላይ እየሰራ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው እርምጃ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግን ዋናው እሱ ነው። ዜናውን ዝጉት። ከትዝታችሁ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ዜናውን መልሳችሁ ጻፉት። ስትጨርሱ ክፈቱና ጎን ለጎን አድርጉ። ልዩነት ያለበት ቦታ ሁሉ ለናንተ የተሰጠ የቤት ስራ ነው። «ሂ ሃዝ ፊኒሽድ ኦን ሳተርደይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የናንተ ችግር የቱጋ እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ አወቃችሁ ማለት ነው። የጻፋችሁትን አትሰርዙት፣ ከስሩ ትክክለኛውን ጻፉና ቀን አድርጉበት፣ ከወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጡት የትኛው ስህተት እንደጠፋ የትኛው እንደሚመላለስ ይታያችኋል። በአጠቃላይ ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አንድ ነገር በመሃል፣ የውጭ ዜና ላይ «ቶላ» ሲል ስለ አባቱ እያወራ አይደለም። እነሱ ሁለተኛውን ስም ነው የሚጠሩት፣ «ታምራት» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ «ቶላ» ሲል ሌላ ሰው የገባ የሚመስላቸው ልጆች ስላሉ ነው።

ርዕሱ ላይ «ዊንስ» ይላል ውስጡ «ሃዝ ዎን» ይላል፣ የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም። የእንግሊዝኛ የዜና ርዕስ የራሱ ህግ አለው። ያለፈውን ነገር በፕረዘንት ሲምፕል ይጽፋል፣ እኛ ጋ ርዕሱ «አሸነፈ» ስለሚል ግር ይላል። ወደፊት የሚሆነውን በ«ቱ» ይጽፋል፣ «ፕረዚደንት ቱ ቪዚት ኬንያ» ማለት ሊጎበኙ ነው። «ኤ» እና «ዘ»ን ይጥላል፣ «ኢዝ»፣ «ዋዝ»፣ «ወር»ንም ይጥላል። በጣም የሚያሳስተው ይሄ የመጨረሻው ነው። «ስሪ ኢንጀርድ ኢን ባስ ክራሽ» የሚለውን ብዙ ተማሪ ሶስት ሰዎች ሌላ ሰው አቆሰሉ ብሎ ይተረጉመዋል፣ በእውነቱ ግን «ወር» ነው የተጣለው፣ ሶስት ሰዎች ቆሰሉ ነው።

ከዚህ ጥሩ ልምምድ ይወጣል። በየቀኑ ሶስት ርዕስ ብቻ ውሰዱና የተጣለውን መልሳችሁ ሙሉ አረፍተ ነገር አድርጉት። ካርድ አይፈጅም፣ ታክሲ ውስጥም ይሰራል። ግን ፈተና ላይ ፓራግራፍ ስትጽፉ እንደ ርዕስ እንዳትጽፉ አደራ።

ፕረዘንት ፐርፌክትና ፓስት ሲምፕልን መለየት አቃተኝ

ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ ተማሪ የለም። የሚገርመው አማርኛችን ራሱ ተቀራራቢ ልዩነት አለው። «መጣ» እና «መጥቷል»ን አስቡ። «መጥቷል» ስትሉ ነገሩ እስካሁን ይነካችኋል፣ መጥቷል፣ አሁን እዚህ አለ። «መጣ» ስትሉ የሆነውን መናገር ብቻ ነው። «ሃዝ ካም» እና «ኬም»ም ወደዛ ይጠጋሉ። የአማርኛ ዜና ስታዩም ውስጡ «አሸንፏል»፣ «ተመርቋል»፣ «አስታውቋል» እያለ ነው የሚሄደው።

የሚያሳስተን ግን እዚሁ ጋ ነው። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት ይቻላል፣ ማንም አይስቅባችሁም። በእንግሊዝኛ «ሃዝ ካም የስተርደይ» አይባልም፣ በጭራሽ። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኦን ሳተርደይ»፣ «ኢን 2024»፣ «ቱ ደይስ አጎ» የመሰለ ያለፈ ጊዜ ከተጠራ ሃቭና ሃዝ ይወጣሉ። ዜና ላይ ይሄ በግልጽ ይታያል፣ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጊዜ የለውም፣ ሃዝ ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ላይ ቀኑ ሲጠራ ሃዝ ይጠፋል። አስር ዜና ወስዳችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች ብቻ አወዳድሩ። አንዳንዱ ጋዜጣ ቀኑን ገና ከመጀመሪያው ይጠራል፣ ያኔ ከመጀመሪያው ፓስት ሲምፕል ይሆናል፣ እሱም ሩሉን የሚያጠናክር ነው።

ዳይሬክት ኢንዳይሬክት ስፒችስ?

ዜና ማለት ግማሹ እከሌ እንዲህ አለ ስለሆነ ለዚህ ከዜና የተሻለ ቦታ የለም።

የኛ ሰው የሚሳሳተው ከአማርኛው የተነሳ ነው። እኛ ሰው የተናገረውን እንዳለ ነው የምናስቀምጠው፣ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» እንላለን፣ የሚመጣው እሱ ሆኖ «እመጣለሁ»። ይሄን ቃል በቃል ስንወስደው «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ካም ቱሞሮ» ይሆናል፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ ነው ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ደይ» ነው። ሶስት ነገር ተቀየረ፣ «አይ» «ሂ» ሆነ፣ «ዊል» «ዉድ» ሆነ፣ «ቱሞሮ» «ዘ ኔክስት ደይ» ሆነ።

አሁን ዜና ላይ «ዘ ሚኒስትሪ ሴድ ስኩልስ ዉድ ሪኦፕን ኦን መንደይ» የሚል ስታገኙ ወደኋላ መልሱት። ሚኒስቴሩ በአፉ ያለው ምን ነበር? «ስኩልስ ዊል ሪኦፕን ኦን መንደይ»። በጥቅስ ውስጥ ያለውን ደግሞ ወደ ኢንዳይሬክት ቀይሩት። ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ስትሰሩት ነው እጃችሁ የሚለምደው። «ሴድ» እና «ቶልድ»ንም እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ፣ ከ«ቶልድ» ቀጥሎ ሁሌም የተነገረው ሰው አለ፣ «ቶልድ ሪፖርተርስ»፣ ከ«ሴድ» ቀጥሎ ግን ሰው ከመጣ በ«ቱ» ነው።

አንዳንዴ ጋዜጣው ቴንሱን ሳይቀይር ታገኙታላችሁ፣ የተባለው ነገር አሁንም እውነት ከሆነ ይፈቀዳል። ፈተና ላይ ግን ሪፖርቲንግ ቬርቡ ፓስት ከሆነ ቀይሩ፣ ከዛ የተለየ መልስ ብዙም አይጠበቅም።

ፓሲቭ ቮይስ ላይ ቬርቡ በ«ተ» ከጀመረ ፓሲቭ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም! ይሄ ነገር ብዙ ሰው ማርክ ስላስጣለ ቆም ብላችሁ እዩት።

«ተያዘ»፣ «ተገነባ»፣ «ተሰረቀ»፣ እነዚህ አዎ፣ «ዋዝ አሬስትድ»፣ «ዋዝ ቢልት»፣ «ዋዝ ስቶለን»። ግን «አደጋው ተከሰተ» የሚለውን «ዘ አክሲደንት ዋዝ ሃፕንድ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በጣም ብዙ ነው፣ «ሃፕንድ» ብቻ ነው፣ «ዋዝ» የለውም። «አትሌቷ ተሳተፈች» ሲባልም «ዋዝ ፓርቲሲፔትድ» ሳይሆን «ፓርቲሲፔትድ»። «ተመለሰ» «ሪተርንድ»፣ «ተቀመጠ» «ሳት»። አማርኛው «ተ» ስላለው ብቻ እንግሊዝኛው ፓሲቭ አይሆንም።

የሕዳሴ ግድብን ውሰዱ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ «ዘ ዳም ዋዝ ኢናጉሬትድ ኦን ሴፕቴምበር 9፣ 2025»፣ ፓሲቭ። እህታችሁ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች ስትሉ ግን «ሺ ግራጁዌትድ»። አማርኛው አንድ ቃል፣ እንግሊዝኛው አንዴ ፓሲቭ አንዴ አክቲቭ። ስለዚህ ዜና ስታነቡ «ዋዝ» ወይ «ወር» ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል ባገኛችሁ ቁጥር ያደረገው ሌላ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ግድቡን ያስመረቀው አካል አለ። አደጋን «የከሰተ» ሰው ግን የለም፣ ስለዚህ ፓሲቭ አይሆንም። እነዚህን በ«ተ» ጀምረው ፓሲቭ ያልሆኑ ቬርቦች ደብተር ላይ ለብቻ ሰብስቧቸው።

«ኤ» እና «ዘ» መቼ እንደሚገቡ ምንም አይገባኝም

የአደጋ ዜና አንብቡ። መጀመሪያ «ኤ ባስ» ይላል፣ ሁለተኛ ላይ «ዘ ባስ»። አማርኛችን «አንድ አውቶቡስ» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ «አውቶቡሱ» እንደሚለው ነው፣ መጀመሪያ ስናስተዋውቅ «ኤ»፣ ከተዋወቅን በኋላ «ዘ»። ልምምዱ ቀላል ነው፣ አንድ ዜና ስትገለብጡ አርቲክሎቹን ሁሉ ባዶ ቦታ አድርጓቸው፣ በማግስቱ ሙሏቸው። ሁሉም በዚህ አይፈታም፣ የሀገርና የወንዝ ስም ምናምን የራሱ ጣጣ አለው፣ ግን አብዛኛው በዚህ ይቀላል።

የማላውቀው ቃል ሲበዛ ዲክሽነሪ እያየሁ ልሂድ?

በመጀመሪያው ንባብ አይሆንም። በየቃሉ እየቆማችሁ ከሄዳችሁ አረፍተ ነገሩ ይበጣጠስና ግራመሩን ማየት አትችሉም። ከጨረሳችሁ በኋላ አምስት ቃል ብቻ ምረጡ፣ ቬርብ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ከነፕሪፖዚሽናቸው ጻፏቸው፣ ለምሳሌ «ዊዝድሩ ፍሮም»። የሰውና የቦታ ስም ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ዜና ላይ የማይገኝ ግራመር የለም?

አለ፣ ይሄን ደብቄ ላልፍ አልፈልግም። ኩዌስችን ታግ ዜና ላይ አታገኙም ማለት ይቻላል። ሁለተኛና ሶስተኛ ኮንዲሽናልም በጣም ጥቂት ነው፣ ዜና የሆነውን እንጂ ያልሆነውን ስለማይጽፍ። «ዊሽ»ም እንደዛው። እነዚህ ደግሞ ፈተና ላይ ይመጣሉ።

ግን ከዜናው ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ። ሲሳይ ለማ ባይወጣ ኖሮ ታምራት አይሮጥም ነበር። «ኢፍ ሲሳይ ለማ ሃድ ኖት ዊዝድሮን፣ ታምራት ቶላ ዉድ ኖት ሃቭ ረን ኢን ዘ ሜንስ ማራቶን።» ይሄው ሶስተኛ ኮንዲሽናል፣ እውነተኛ ታሪክ ላይ ቆሞ። «ታምራት ቶላ ዎን ዘ ሬስ፣ ዲድንት ሂ?» ይሄው ኩዌስችን ታግ። በእያንዳንዱ ዜና መጨረሻ አንድ «ባይሆን ኖሮ» ጨምሩበት፣ ከወርክሺቱ ይልቅ የሚቆይባችሁ እሱ ነው።

ለማትሪክ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜ ማጥፋት ነው?

ይጠቅማል፣ ግን ብቻውን አይደለም። እንግሊዝኛ ናቹራልም ሶሻልም የሚፈተነው ትምህርት ነው፣ ፈተናው ላይ ከግራመሩ ሌላ የንባብ ፓሴጅ አለ፣ የዜና አንባቢ ደግሞ ፓሴጅ አያስደነግጠውም። ከ2015 ጀምሮ የ12 ፈተና በአብዛኛው ቤት አካባቢ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚሰጥ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ሲወራ የነበረው የመልስ ቅብብሎሽ ላይ ማንም ተስፋ ሊያደርግ አይገባም፣ የሚያዋጣው እጃችሁ ላይ ያለው ችሎታ ነው።

9ና 10 ያላችሁ በሳምንት አራት ቀን ብታደርጉት ደስ ይለኛል፣ ጊዜ አላችሁ። 12 ያላችሁ ግን የድሮ ፈተናዎችን መስራት ቅድሚያ ስጡት፣ ዜናውን በሳምንት ሁለት ቀን አስገቡ፣ ፈተናው ላይ የሳታችሁትን ነጥብ ዜና ውስጥ እያደናችሁ። ፓሲቭ ስታችኋል? የዛ ሳምንት ዜና ላይ ፓሲቭ ብቻ አስምሩ።

ዳታ የለኝም፣ ኢንተርኔትም የሚገባው አንዳንዴ ነው

ሲገባ አስር ዜና ጽሑፉን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ አስቀምጡ፣ ቴክስት ዳታ አይበላም፣ ለሁለት ሳምንት ይበቃችኋል። የድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ካገኛችሁም ምንም አይልም፣ ሱቅ መጠቅለያ ያደረገውም ቢሆን ይሰራል። አንድ ጓደኛ ስልክ ካለው አራት ሆናችሁ ከሱ ስልክ ደብተር ላይ ገልብጡ፣ መገልበጡ ራሱ ትምህርት ነው፣ «ኤስ» የት እንደገባ የምታስተውሉት በእጃችሁ ስትጽፉ ነው።

ቻት ጂፒቲ ቢያቀልልኝስ?

ከበድ ያለ ዜና አቅልልኝ ማለት ችግር የለውም። ከትዝታ የሚጻፈውን ግን ለሱ እንዳትሰጡት፣ ምክንያቱም የምትማሩት እዛ ላይ ስትለፉ ነው። እናንተ ከጻፋችሁ በኋላ «ስህተቴን ንገረኝ፣ ግን አታስተካክልልኝ፣ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ብቻ ጠቁመኝ» በሉት፣ ማስተካከሉን ራሳችሁ አድርጉት። የሰጣችሁን ማብራሪያ ደግሞ ከመጽሐፋችሁ ጋር አመሳክሩ፣ አንዳንዴ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

ልጄ 9ኛ ክፍል ገባ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ እንዴት ልርዳው?

እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም መርዳት ይችላሉ፣ እውነቴን ነው። ልጁ ዜናውን አንብቦ ሲጨርስ ምን ተባለ ብለው ይጠይቁት፣ በአማርኛ ይንገርዎት። እየተደናበረ ከነገረዎት አልገባውም ማለት ነው፣ ድጋሚ ያንብበው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለው ጠበቅ አድርገው ይጠይቁት። ደብተሩ ላይ ያለውን ቀን ማየትም ይችላሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ከሆነ ያውቃሉ። 9ኛ ላይ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ብዙ ልጅ ባዮሎጂውም ሂሳቡም የሚከብደው ቋንቋው ነው፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ስለዚህ ባይቆጡት ይመረጣል።

አስተማሪ ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ፣ ኮፒ ማድረጊያ የለንም

ቲቸር፣ ሶስት አረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይበቃዎታል። ቬርቦቹን ባዶ ያድርጓቸው፣ ተማሪዎቹ በየዴስኩ ተነጋግረው ይሙሉ፣ ከዛ ኦሪጅናሉን ይጻፉ። ልክ ነው አይደለም ከማለትዎ በፊት «ጋዜጠኛው ለምን ይሄን መረጠ?» ብለው ይጠይቁ፣ ውይይቱ እዛ ጋ ነው የሚሞቀው። በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ቢያስረዱ ይፍቀዱላቸው፣ ምክንያቱ ይግባቸው እንጂ። ጮክ ብለው የማይናገሩት ሴት ልጆች መልሱን ደብተር ላይ አስቀድመው እንዲጽፉ ሁለት ደቂቃ ይስጧቸው።

ዜናው ላይ ያለው ሰዓትና ቀን ያደናግረኛል

ልክ ናችሁ። «አት 3 ኤኤም» ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ ሶስት አይደለም፣ በነሱ ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሩ ወይ ቀንሱ። ፕሪፖዚሽኑን እንዲህ ያዙት፣ ሰዓት ላይ «አት»፣ ቀን ላይ «ኦን»፣ ወርና ዓመት ላይ «ኢን»። «ኢን ኦገስት» ይባላል፣ ቀን ሲጨመርበት «ኦን ኦገስት 10» ይሆናል። ዓመቱን ደግሞ ወደኛ አትቀይሩት፣ እንግሊዝኛ ላይ 2024 ካለ 2024 ብላችሁ ጻፉ፣ የኛን ካላንደር መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ «ኢን ዘ ኢትዮጵያን ካላንደር» ብላችሁ ጨምሩበት።